የጣና ዓሦችና የተፈጥሮ ምርጫ ትምህርት

ሰው በየዕለቱ የሚያየውን ነገር ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዐይን የለመደው ሁሉ አእምሮ የመረመረው አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳርቻ የሚወርድ ሰው ታንኳ ሲደርስ፣ መረብ ሲራገፍ፣ ዓሣውም በየዓይነቱ ተለይቶ ሲከመር ያያል። አንደኛው ክምር ቀረሶ፣ ሁለተኛው አምባዛ፣ ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ይባላል። ገዢው ዋጋ ይጠይቃል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። ነገር ግን «ነጭ ዓሣ» ተብሎ በአንድ ስም በሚጠራው በዚያ ክምር ውስጥ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ ዓይነት ዓሦች እንዳሉ፣ ስለ እነርሱም ከሩቅ አገር የመጡና የአገራችን ልጆች የሆኑ ሊቃውንት አያሌ ዓመታት እንደ ደከሙ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ይማራሉ። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜም መምህራቸውን ይጠይቃሉ። መምህሩ ነገሩን ሳያውቅ ቢነቅፈው፣ ልጁ እምነትንና ዕውቀትን ባላጋራዎች አድርጎ በልቡ ይዞ ይሄዳል። ሳያውቅ ቢቀበለው ደግሞ ትምህርቱ ሥር የሌለው ተክል ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ በደጃችንም እንዴት እንደሚታይ መረዳት ይገባል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን አስቀድመው ይወቁልን።

፩. የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን ከሩቅ ሳይሆን ከገበሬው ጎተራ እንጀምር። የአገራችን ገበሬ እህሉን በሰበሰበ ጊዜ ለምግብ የሚሆነውንና ለዘር የሚቀመጠውን ይለያል። ፍሬው የሞላውን፣ ዋግ ያልመታውን፣ የዝናብ እጥረት የቻለውን ለዘር ያኖራል። ይህን አባት ለልጅ እያስተላለፈ ብዙ ዘመን በሠራ ጊዜ እህሉ ለዚያ መሬትና ለዚያ አየር የተስማማ ይሆናል።

ከብት አርቢውም እንዲሁ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው ሜዳ የሚረባው የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ተባይና ዝንብ የሚበዛበት ስፍራ ነው። አርቢው ደኅና የምትታለበውን ላም ጥጃ ለዘር ሲያቆይ፣ ረግረጉና ተባዩ ደግሞ ያልቻላቸውን ከብት ይጥሉ ነበር። ስለዚህ በአንድ መንጋ ላይ ሁለት መራጮች ነበሩ፤ አንደኛው ዐይንና ልብ ያለው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ዐይንም ልብም የሌለው የቦታው ጠባይ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሊቃውንት የተፈጥሮ ምርጫ ይሉታል። የዚህ ከብት ዘር እንዲጠበቅና እንዲሻሻል፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንዳሳ በ1964 የተቋቋመው ጣቢያ ብዙ ሥራ ሠርቶአል።

የተፈጥሮ ምርጫ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው፣ የአንድ ወገን ፍጥረታት እርስ በርሳቸው ፍጹም አንድ አለመሆናቸው ነው። ከአንዲት እናት የተወለዱ ግልገሎች እንኳ በቁመት፣ በጸጉርና በብርታት ይለያያሉ። ሁለተኛው፣ ከዚህ ልዩነት ብዙው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ከሚወለዱት ሁሉ ለአካለ መጠን ደርሰው ዘር የሚተኩት ጥቂቶች መሆናቸው ነው፤ አንዲት ዓሣ በአንድ ወቅት ብዙ ሺህ እንቁላል ስትጥል ከዚያ ሁሉ አድጎ የሚራባው እጅግ ጥቂት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት በተገኙ ጊዜ፣ ለቦታው ይልቅ የተስማማው ብዙ ልጆችን ይተካል፤ ልጆቹም ያንኑ ጠባይ ይወርሳሉ፤ በብዙ ትውልድም የወገኑ መልክ ይለወጣል።

ይህን ሐሳብ እንግሊዛውያኑ ቻርልስ ዳርዊንና አልፍሬድ ዋላስ በ1858 በአንድነት አስታወቁ፤ ዳርዊንም በ1859 በሰፊ መጽሐፍ አብራራው። ነገር ግን ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መንገድ ዳርዊን አላወቀውም ነበር። ይህን መንገድ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራ የመረመረው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ነው። ሜንዴል ያገኘውን በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ግን ዋጋውን የተረዳው እርሱ ካረፈ በኋላ ነው። በ1953 ደግሞ ይህን ውርስ የሚሸከመው ዲ ኤን ኤ የሚባለው ረቂቅ አካል ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ታወቀ።

በዚህ ስፍራ ሁለት ስሕተቶችን ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች የተፈጥሮ ምርጫን «ብርቱው ደካማውን ይበላል» ማለት አድርገው ይረዱታል። እንዲህ አይደለም። የሚተርፈው ለቦታው የተስማማው ነው እንጂ ሁልጊዜ ብርቱው አይደለም፤ በረኃብ ዘመን ትንሽ የሚበቃው ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ሊተርፍ ይችላልና። ደግሞም አንዱ ፍጥረት ፈልጎና ታግሎ የራሱን አካል ይለውጣል ማለት አይደለም። የሚለወጠው በትውልድ መፈራረቅ ውስጥ ወገኑ ነው።

ይህም ነገር በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በጋላፓጎስ ደሴቶች ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት በአንዲት ትንሽ ደሴት ያሉትን ወፎች እያንዳንዳቸውን ለክተው ምልክት ያደርጉባቸው ነበር። በ1977 ጽኑ ድርቅ ሆነ። ለስላሳው ትንንሽ ፍሬ አልቆ ጠንካራው ትልልቅ ፍሬ ብቻ በቀረ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ወፎች ሞቱ፤ መንቁራቸው ትልልቅ የነበረው ግን ይልቅ ተረፉ። ከእነርሱ የተፈለፈሉት ጫጩቶችም በአማካይ ከቀደመው ትውልድ የበለጠ መንቁር ነበራቸው። እንግዲህ የተፈጥሮ ምርጫ በሰው ዕድሜ ውስጥ በመለኪያ የሚታይ ነገር ነው።

፪. ጣና ስለ ምን የተለየ ሆነ?

ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ታላቅ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ውሃቸውን ያስገቡለታል፤ የሚወጣው ግን አንዱ ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከባሕር ዳር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል።

ይህ ፏፏቴ ለጎብኚ ግርማ ነው፤ ለዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው። በታች ባለው በዓባይ ወንዝ የሚኖር ዓሣ ያን ገደል ወጥቶ ወደ ጣና ሊገባ አይችልም። ስለዚህ በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች የሚገኙት ብዙዎቹ የዓሣ ወገኖች በጣና የሉም። በጣና ያሉት የዓሣ ዓይነቶች 28 ያህል ሲሆኑ ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። ቀረሶና አምባዛ ግን በሌላም አገር ይገኛሉ።

በዚህ በተዘጋ ቤት ውስጥ ብዙ ባዶ ወንበር ነበረ ማለት ይቻላል። በሌላ ሐይቅ ዓሣ በል የሆነ ሌላ ወገን የሚይዘውን ስፍራ፣ የደቂቃን እንስሳት ለቃሚ የሚይዘውን ስፍራ፣ ሣርና ቀንድ አውጣ በሊታ የሚይዘውን ስፍራ በጣና የያዘ አልነበረም። እነዚህን ወንበሮች አንድ በአንድ የያዙት የነጭ ዓሣ ወገኖች ናቸው።

፫. አንድ ናቸው ወይስ ብዙ?

የነጭ ዓሣን ወገኖች መለየት ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮአል። በ1830ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና የተገኙትን በርከት ላሉ ወገኖች ከፍሎ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሌሎችም ጨመሩ፤ በ1940 ቢኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ብዙ ስሞችን አወጣ። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለው ሊቅ ነገሩን ከመሠረቱ ለውጦ፣ «እነዚህ ሁሉ መልካቸው እጅግ የሚለያይ የአንድ ወገን ዓሦች ናቸው» የሚል ፍርድ ሰጠ። በዚህም ምክንያት የጣና ነጭ ዓሣ በመዝገብ ላይ ለብዙ ዓመት እንደ አንድ ተቆጠረ።

በ1990ዎቹ ከሆላንድ አገር ከዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናግልኬርክና ሲቢንግ ነገሩን እንደ ገና መረመሩት። ዓሦቹን በብዛት እያስያዙ የራሳቸውን ርዝመት፣ የአፋቸውን ስፋት፣ የዐይናቸውን መጠን፣ የአካላቸውን ቁመት ለኩ። በየትኛው ጥልቀትና በምን ዓይነት ዳርቻ እንደሚኖሩ መዘገቡ። ሆዳቸውን ከፍተው የበሉትን አዩ። በመጨረሻም በጣና ውስጥ 15 የተለያዩ ወገኖች እንዳሉ አስረዱ።

ለምሳሌ ያህል ከእነዚህ ጥቂቶቹን እንመልከት። ሱርኪስ የተባለው የውሃ ሣር በሊታ ነው። ጎርጎሬንሲስ፣ ስሙ ከጎርጎራ የተወሰደለት፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ይበላል። ነጂያ የተባለው ወፍራም ሥጋማ ከንፈር ያለው ሆኖ ከሐይቁ ወለል ትላትልን ይለቅማል። ብረቪሴፋለስ የተባለው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቂቅ እንስሳት ያጠላል። ከ15ቱ 8ቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው።

የሊቃውንቱን አድናቆት ያስነሣው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ነጭ ዓሣ የሚቆጠርበት ታላቅ ቤተ ሰብ በተፈጥሮው ዓሣ ለመብላት የተሰናዳ አይደለም። በአፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በጣና ውስጥ ስምንት ዓሣ በሎች ከዚህ ቤተ ሰብ ተገኙ። አንዳንዶቹ እንደ ጦር የቀጠነ አካል ይዘው በገላጣው ውሃ ያሳድዳሉ፤ አንዳንዶቹ አፋቸው ሰፊ ሆኖ በድንጋይ መካከል ያደባሉ። ባዶውን ስፍራ የሚይዝ ሌላ ብቁ ተወዳዳሪ ስለሌለ፣ በትውልዶች ብዛት ለዚህ የተመቸው ልዩነት ሁሉ እየተጠበቀ እየተከማቸ እንደ ሄደ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ።

፬. የምርምሩ መንገድ

ሰው የዓሣውን መልክ አይቶ «ይህ ለዚህ የተሠራ ነው» ቢል ቃሉ ተረት ይሆናል፤ ፈተና ያስፈልገዋል። ሲቢንግና ናግልኬርክ ፈተናውን እንዲህ አደረጉት። አስቀድመው የየምግቡን ጠባይ አጠኑ፤ ሣር ለመፍጨት ምን ያስፈልጋል? ፈጣን ዓሣ ለመያዝ ምን ያስፈልጋል? ደቂቅ እንስሳትን ከውሃ ለማጥለል ምን ያስፈልጋል? ከዚያ በኋላ የዓሦቹን አፍ፣ የስንጥባቸውን ወንፊት፣ የጉሮሮ ጥርሳቸውንና የአንጀታቸውን ርዝመት ለክተው እያንዳንዱ ወገን ምን ሊበላ እንደሚችል አስቀድመው ገመቱ። በመጨረሻም ግምታቸውን በሆድ ውስጥ ከተገኘው እውነተኛ ምግብ ጋር አስተያዩ። ይህንም በ2001 አሳተሙ። የዛሬው የሥነ ሕይወት ምርምር አንዱ ታላቅ ደንብ ይህ ነው፤ ገምት፤ ለካ፤ ግምትህ ቢወድቅ ተው።

የአገራችን ሊቃውንትም በዚህ ሥራ ተካፋዮች ናቸው። እሸቴ ደጀን በጣና ስላሉት ትንንሾቹ የዓሣ ወገኖች አጥንቶ በ2003 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ከእርሱ ጋር ከሠሩት አንዱ ማርቲን ደ ግራፍም በዚያው ዓመት ስለ ዓሣ በሎቹ የጻፈውን አቀረበ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና የባሕር ዳሩ ዋሴ አንተነህ ዓሦቹ ወደ ወንዝ ወጥተው ስለሚራቡበት ሥርዓት መርምረዋል። የሩሲያ ሊቃውንትም ከኢትዮጵያውያን ጋር በመተባበር ስለ ዓሦቹ ዕድገትና ስለ ዘረ መላቸው አጥንተዋል።

እውነት ለመናገር ሊቃውንቱ በሁሉ ነገር አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ወገኖች እጅግ ተቀራራቢዎች ስለ ሆኑ ወሰናቸውን መለየት ያስቸግራል። በፍጥረታት መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በምርጫ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በአጋጣሚ የሚጸና፣ በመዳቀልም የሚገኝ ልዩነት አለ። ዕውቀት ክርክርን አይፈራም፤ የሚያጠፋው ክርክር ሳይሆን ግብዝነት ነው።

፭. ስለ ዘመን ቈጠራና ስለ እምነት

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሊቃውንት የሐይቁን ወለል ሰርስረው ያወጡትን ጭቃ መርምረው፣ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ጣና ፈጽሞ ደርቆ እንደ ነበረና ዳግመኛ እንደ ሞላ በ2007 አስታውቀዋል። ይህ አኃዝ ከለመድነው ከዓመተ ዓለም ቈጠራ ጋር ሲተያይ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ደግሞም የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህንኑ ሕግ ወደ ሰው አካል ያደርሱታል፤ በ1974 በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽንም እንደ ምስክር ያቀርባሉ። ይህን ሰውሮ ማለፍ ለመምህር አይገባውም፤ ተማሪው ነገ በሌላ ስፍራ ሰምቶ መምህሩን ይታዘበዋልና።

እኛ የሚከተለውን ማስተዋል ይጠቅማል እንላለን። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት አባቶች የሠሩት መለኪያ ነው። የጭቃው ንብርብር ዕድሜ የሚለካው ደግሞ በሌላ መሣሪያ ነው። ጨርቅ የሚለካበት ክንድ እህል አይሰፈርበትም፤ እህል የሚሰፈርበት ቁናም ጨርቅ አይለካበትም። ቤተ ክርስቲያን በሥነ ፍጥረት ትምህርቷ ፍጥረትን ማን እንዳስገኘውና ስለ ምን እንዳስገኘው ታስተምራለች። የዓሦችን ወገን በዕለተ ሐሙስ የሚቆጥረው ያው ትምህርት የእያንዳንዱን ዓሣ የአፍ ስፋትና የአንጀት ርዝመት ለመንገር አልተጻፈም። ይህን የሚመረምር ሰው ሌላ አምላክ አልፈለገም፤ የተሠራውን ሥራ እየተመለከተ ነው።

ከዚህ የበለጠ መጠንቀቅ የሚገባን ከሌላ ስሕተት ነው። በባለፈው መቶ ዓመት አንዳንድ ሰዎች የተፈጥሮ ምርጫን ሕግ ወደ ሰው ማኅበር አምጥተው፣ ደካማው ቢጠፋ ይገባዋል እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህ በዕውቀትም በእምነትም ዘንድ ሐሰት ነው። የተፈጥሮ ምርጫ የሆነውን ይነግረናል እንጂ ሊሆን የሚገባውን አያዝዘንም። በሕይወት መትረፍ የጽድቅ ምልክት አይደለም፤ መሞትም የኃጢአት ምልክት አይደለም። ድርቅ የሚመርጥበት ሕግ ሌላ ነው፤ በደጀ ሰላም የተቀመጠውን በሽተኛ ስናይ የምንመራበት ሕግ ሌላ ነው።

፮. ወባና የምርጫው ፍጥነት

የተፈጥሮ ምርጫ በዓሣ ብቻ የሚነገር ቢሆን ለብዙ ሰው ሩቅ ነገር በመሰለ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ሕመም ውስጥም ይሠራል። አባቶቻችን ንዳድ ሲሉት የኖሩት የወባ በሽታ በ1958 በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በተነሣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቶአል። በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ በደም ውስጥ ገብቶ በየ48 ሰዓቱ ገደማ እየተባዛ ይኖራል።

ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለብዙ ዘመን አገልግሎ ነበር። ነገር ግን ከተሐዋስያኑ መካከል መድኃኒቱን የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ። ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ተረፉ፤ ተባዙም። ስለዚህ በ1998 ለከባዱ የወባ ዓይነት ክሎሮኪን ቀርቶ በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም በተራው ስለ ደከመ በ2004 ዛሬ ኮአርተም በሚል ስም የሚታወቀው ገባ። መድኃኒቱ ሳይለወጥ ተሐዋሲው ተለወጠ፤ ይህም የተፈጥሮ ምርጫ ነው።

በቅርብ ጊዜ የተገለጠው ደግሞ ከዚህ የሚያስደንቅ ነው። በገጠር ጤና ኬላ በጣት ደም ጠብታ ወባን የሚለየው ፈጣን መመርመሪያ፣ ተሐዋሲው የሚያወጣውን አንድ ንጥረ ነገር እየፈለገ ይሠራል። ይህን ንጥረ ነገር የሚሠራው ዘረ መል የጐደለው ተሐዋሲ ግን በመመርመሪያው አይታይም። በሽተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ሳይታከም ይሄዳል፤ ትንኝም ከእርሱ ወስዳ ለሌላ ታስተላልፋለች። እንግዲህ ምርመራው ራሱ መራጭ ሆነ፤ የሚታየው ይታከማል፤ የተሰወረው ይዘራል። በ2017 እና በ2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገው፣ ስንደው መካሻ ፈለቀና ባልደረቦቹ በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ከከባዱ የወባ ዓይነት ከ100 ወደ 10 የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ከመመርመሪያው ሊያመልጥ እንደሚችል አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ከ100 ከ5 ሲበልጥ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። የተፈጥሮ ምርጫን ሕግ ያላወቀ ሐኪም ይህን ነገር ሊፈልገው አይችልም ነበር፤ ያልተፈለገውም አይገኝም።

ስለዚህ ካህን ለንስሐ ልጁ የሚሰጠው ምክር እንዲህ ሊሆን ይገባል። የታዘዘልህን መድኃኒት ጀምረህ አትተው፤ ሕመሙ ቢቀልልህም ፈጽመው። ምርመራው ምንም የለም ቢል ትኵሳቱ ግን ባይተውህ፣ አትዘግይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስ።

፯. መረቡና ወንዙ

አሁን ወደ ዓሦቹ እንመለስ። ከነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይሄዱና ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከጾመ ፍልሰታ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ በወንዞች አፍ ተሰብስበው ይገኛሉ። ይህንም አጥማጅ ሁሉ ያውቃል።

በቀድሞ ዘመን የወይጦ ሰዎችና ሌሎች የዳርቻው ነዋሪዎች በደንገል ታንኳ ከዳርቻ ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። በ1986 ግን የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በመተባበር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገቡ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ድኻው እንዲመገብ፣ ወጣቱም ሥራ እንዲያገኝ ነው። ብዙዎችም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን መረቡ ሊራቡ በወንዝ አፍ በተሰበሰቡት ዓሦች ላይ ሲጣል፣ የተያዘው የዛሬው ዓሣ ብቻ አልነበረም፤ የሚመጣውም ትውልድ ነበር። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳስታወቁት፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ወገኖች ክብደታቸው ቢመዘን በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶአል። የግልገሎቹም ቁጥር ከዚያ ይልቅ አሽቈልቍሎአል።

በዚህ ስፍራ ብልህ አንባቢ «ወባው መድኃኒቱን ከለመደ፣ ዓሣውስ መረቡን ስለ ምን አይለምድም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በትውልድ ፍጥነት ላይ ነው። የወባ ተሐዋሲ በሁለት ቀን ውስጥ ይባዛል፤ ስለዚህ ምርጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኩን ይለውጠዋል። ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት ለመድረስ ዓመታት ያስፈልጉታል። መረቡ ከትውልዱ ይፈጥናል። ፈጥኖ የሚራባው ጠላታችን ከእኛ ጥበብ ያመልጣል፤ ቀስ ብሎ የሚራባው ሀብታችን ግን ከእኛ ችኰላ ሊያመልጥ አይችልም። በብዙ ሺህ ዓመት የተሠራው በአሥር ዓመት ሊፈርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በፊሊፒንስ አገር በላናዎ ሐይቅ ከነጭ ዓሣችን ጋር የአንድ ቤተ ሰብ የሆኑ ብዙ ልዩ ልዩ ወገኖች ይኖሩ ነበር። ከውጭ በገቡ ዓሦችና በብዙ ማጥመድ ምክንያት አብዛኞቹ ጠፉ። ስለዚህ ከዚህ ቤተ ሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተበራክቶ እስከ ዛሬ የቆየ የቀረው የጣናው ብቻ ነው ይባላል። የጣና ዙሪያ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቦአል፤ በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅም አለ። ነገር ግን አዋጅ ያለ ፈቃደኛ ልብ ወረቀት ነው። ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ሌላ ፈተና ጨምሮአል።

፰. መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? የደሴቶቹና የዘጌ ገዳማት በዳርቻው ያለውን ደን ለዘመናት ጠብቀው ኖረዋል። ያ ደን የቆመው አንድ ዛፍ መቍረጥ በሚያጓጓ ጊዜ «ተው» የሚል አባት ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በውሃው ላይ እንዲሁ ያለ ቃል ያስፈልጋል። በነሐሴና በመስከረም በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ መረብ እንዳይጣል፣ በወንዝም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ እንዳይበተን፣ የወንዞቹ ጠጠርና አሸዋ ያለ ልክ እንዳይዛቅ፣ በየአጥቢያው ያለ መምህር ለምእመናኑ ቢነግር፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከሚያደርገው ይልቅ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሲናገር የአጥማጁን ድኽነት አይርሳ። ልጆቹ የሚራቡበትን ሰው «አታጥምድ» ብሎ መሄድ ምክር አይደለም፤ በእነዚያ ወራት የሚደገፍበትን መንገድ ማኅበረ ምእመናን አብረው ያስቡለት።

ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ሲጠይቅም አንቈጣው። እጁን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳርቻ እንውሰደው። በነጭ ዓሣው ክምር አጠገብ ቆመን አንዱን ወፍራም ከንፈር፣ ሁለተኛውን ሰፊ አፍ፣ ሦስተኛውን ቀጭን አካል እናሳየው። ሐይቁ መምህር ነው፤ ዓሦቹም የተገለጠ መጽሐፍ ናቸው። ያ መጽሐፍ ገጹ ሳያልቅ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የምናደርግ ከሆነ፣ ዕውቀታችንም እምነታችንም በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተው ይታያሉ።